መጀመሪያ ፕሮጀክተሩን እንዋዋስ

ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ደህና መጣችሁ።

አብዛኞቻችሁን አውቃችኋለሁ። ከአንዳንዶቻችሁ ጋር አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አብረን ተምረናል። ከአንዳንዶቻችሁ ጋር ደግሞ በስቱዲዮ ኪራይ ተጣልተን ታርቀናል። ስለዚህ አዘጋጆቹ የሰጡኝን ርዕስ፣ «በአርቲስቶች የሚመሩ የባህል ማዕከላት ትስስር» የሚለውን፣ እንደ ጥናት አላነብላችሁም።

አንድ ነገር ልጠይቅ። እኛ የምንገናኘው መቼ ነው? ሌላ ሰው ሲጠራን! የጀርመኑ የባህል ተቋም ጎተ ሲጠራን፣ የፈረንሳዩ አሊያንስ ሲጠራን፣ ኤምባሲ ሲጠራን። እነሱን አልወቅስም። አሊያንስ እዚህ ከተማ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል፤ የመጀመሪያ ሥዕሉን እዚያ የሰቀለ እዚህ አዳራሽ ውስጥም አይጠፋም። የሚገርመኝ የኛ ነገር ነው። ባጅ አንጠልጥለን ስለ ትብብር እናወራለን፣ ቡና እንጠጣለን፣ ስልክ እንለዋወጣለን። ከዚያ እስከሚቀጥለው ግብዣ ድምፃችን ይጠፋል።

ስም አልጠራም፤ ባለቤቱ ግን ራሱን ያውቃል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የቪዲዮ ሥራዎች ልናሳይ ቀን ቆርጠን፣ ፖስተር ለጥፈን፣ ሰው ጠርተን ነበር። በዕለቱ ከሰዓት በኋላ የፕሮጀክተሩ አምፖል ተቃጠለ። በእግር የሚደረስ፣ እንደኛው በአርቲስቶች የሚመራ ቤት አለ። ፕሮጀክተር እንዳለው አውቃለሁ፤ ሲገዛ አብሬው ሄጄ ዋጋ የተከራከርኩት እኔ ነኝ! ለቤቱ ኃላፊ ደወልኩ። «በደብዳቤ ጠይቁ» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ማህተም ያለው ደብዳቤ ይምጣ፣ ለቦርድ ይቀርባል፣ ቦርዱ የሚሰበሰበው ማክሰኞ ነው። የኛ ዝግጅት ዓርብ ማታ! ቦርዱ እነማን ናቸው ብዬ ጠየቅኩ። እሱ፣ ሚስቱ እና የሚስቱ ወንድም። ይኸው ሰው በዚያው ሰሞን አጠገቤ መድረክ ላይ ተቀምጦ ስለ «ሀብት መጋራት» ረጅም ንግግር አድርጓል። አጨብጭቤለታለሁም።

ፕሮጀክተሩን ማን ሰጠን? የሰፈራችን የሠርግ ቪዲዮ አንሺ። ወንበሩንስ? እድሩ። ዳኛው «ለቅሶ ነው?» አሉኝ። የሥዕል ነገር ነው አልኳቸው። «ወንበር ያው ወንበር ነው» ብለው መጋዘኑን ከፈቱልን። እድር ድንኳኑንና ብረት ድስቱን በጋራ ገዝቶ፣ መዝገብ ይዞ፣ የሰበረን እያስከፈለ ስንት ዘመን ኖሯል። እኛ ግን፣ ዲግሪ ሰቅለን፣ መሰላል መዋዋስ አቃተን!

በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ ፈንድቃም ከቦታው ተነሳ። አዝማሪ ቤት የነበረ፣ መላኩ በላይ እዚያው ሲጨፍር ኖሮ የባህል ማዕከል ያደረገው ቤት ነው። ፌስቡክ በእንባ ተጥለቀለቀ። እንባ ዕቃ አያነሳም፤ የሚያነሳው የጭነት መኪና ነው! ነገ ተራው የማን እንደሆነ የሚያውቅ አለ? አብዛኞቻችን ተከራይ ነን። ቤቱ ሲፈርስ መድረኩን፣ መብራቱን፣ ሥዕሉን የት እንደምናስቀምጥ ዛሬ ካልተነጋገርን፣ ያን ቀን ስልክ የሚያነሳ አይኖርም። ፈረንሳይ ፓርክ የነበረውን የአርቲስቶች መሰባሰቢያ፣ ነፃ አርት ቪሌጅን፣ የምታስታውሱ አላችሁ። የዚያን ጊዜ ፎቶ ስንቱ በየሰው ላፕቶፕ ተበትኖ ይሆን? የአንዱ ቤት ማህደር ቅጂ ሌላው ቤት ይቀመጥ። አንድ ሃርድ ዲስክ ነው የሚፈጀው።

«አብረን እንዳንሠራ ሕጉ አያስኬድም» የምትሉ አላችሁ። የድሮው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ 621/2001 ቀርቷል። በ2011 የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113 ድርጅቶች ኅብረት እንዲመሠርቱ ይፈቅዳል። እኔ ግን ለኅብረቱ አልቸኩልም። ሊቀመንበር ለመምረጥ ዓመት እንደምንጨቃጨቅ አውቃለሁ፤ አትሳቁ፣ አይተነዋል።

የዝግጅት ቀንም እንነጋገር። ሁላችንም ዓርብ 12 ሰዓት ላይ ከፍተን ያንኑ ተመልካች እንሻማለን። አንዳችን ሐሙስ ብናደርገው ምን እንሆናለን? ከክፍለ ሀገር ጓደኞቻችን ጋር ያለው ጉዳይም ነበረ፤ ሰዓቴ አልቋል እያሉኝ ስለሆነ ለውይይቱ ልተወው።

በሩ አጠገብ መዝገብ አስቀምጫለሁ። ፕሮጀክተር፣ መሰላል፣ ስፒከር፣ ባዶ ክፍል ወይም ፒክአፕ ያለው ስሙንና ስልኩን ይጻፍ። የእኛን ሁለት መሰላሎች ጽፌያለሁ። ደብዳቤ አያስፈልግም።

አመሰግናለሁ።