ሁለት ወዳጆች ሲቀራረጡ ሂሳቡ የሚመጣው ለማን ነው?
(በደብረ ብርሃን ለነጋዴዎች፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላትና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ! በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢውን ደርቦ ስለ ቀረጥ ለመስማት የወጣ ሰው ምስጋና ይገባዋል።

የተጋበዝኩት አሜሪካና ካናዳ ስለተጣሉበት ቀረጥ እንድናገር ነው። «እኛን ምን አገባን?» የምትሉ አላችሁ። ትንሽ ታገሱኝ። ቀኖቹን የምጠራው በፈረንጆቹ ነው።

ሁለቱ አገሮች የሩቅ ዘመን ባላንጣዎች አይደሉም። ከ1949 ጀምሮ ኔቶ በሚባለው የጦር ቃል ኪዳን አብረው ናቸው። ከ1958 ጀምሮ ሰማያቸውን በጋራ ይጠብቃሉ። በ1989 የነጻ ንግድ ስምምነታቸው ሥራ ጀመረ። እንግዲህ በማርች 2025 አሜሪካ በዚችው ወዳጇ አብዛኛው ዕቃ ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣለች። ሰበቧ በድንበር ይገባል የምትለው ፈንታኒል የተባለ አደንዛዥ ዕፅና ስደተኛ ነበር። ካናዳም ዝም አላለችም። በ30 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር በሚገመት የአሜሪካ ዕቃ ላይ ያንኑ 25 በመቶ መለሰች። ኦንታሪዮ የአሜሪካን ውስኪ ከመደርደሪያ አወረደች። በኦገስት ደግሞ የአሜሪካው ቀረጥ 35 በመቶ ገባ። ኋላ ሜክሲኮን ጨምረው በተዋዋሉት የንግድ ውል ደንብ የተሠራ ዕቃ ከዚህ ነጻ ነበር። ብረትና አሉሚኒየም ግን በሌላ ትእዛዝ 50 በመቶ ደርሶባቸዋል።

ታዲያ ይህን ገንዘብ የሚከፍለው ማነው? ብዙ ሰው ሻጩ አገር ይመስለዋል። እዚህ ያላችሁ አስመጪዎች ይሄን ስትሰሙ ትስቃላችሁ። የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ስትሞሉ ቻይና መጥታ ከፍላላችሁ ታውቃለች?

የራሳችንን ሂሳብ እንሥራው። በጅቡቲ አድርጎ ሞጆ የደረሰ የ100 ብር ዕቃ አለ እንበል። ከፍተኛው የጉምሩክ ቀረጥ 35 በመቶ ነው። 135 ብር ሆነ። ተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ ነው፤ የሚሰላው ግን በ100 ብሩ ሳይሆን በ135ቱ ላይ ነው። 155 ብር ከ25 ሳንቲም። ቀረጡ ባይኖር ከነታክሱ 115 ብር ነበር። አያችሁ? 35 ብር ነው ያልነው ቀረጥ ታክስ ሲወልድ 40 ብር ከ25 ሆነ። ሱር ታክስ የሚባለው ሌላው የገቢ ዕቃ ታክስ ገና ነው። የጭነቱ፣ የመጋዘኑ፣ የነጋዴው ትርፍም ገና ነው። መጨረሻ ላይ ዕቃውን ከሱቅ የምትገዛው እናት ናት ሁሉንም የምትከፍለው። እርግጥ ሻጩ ገበያውን ላለማጣት ዋጋ ቀንሶ የተወሰነውን ሊሸከም ይችላል። ጉምሩክ ላይ ብር የሚቆጥረው ግን አስመጪው ነው።

አሁን ወደ ገበሬዎቻችን ልምጣ። ሳስካችዋን የምትባል የካናዳ ክፍለ ሀገር አለች። እንደ ሞረትና ጅሩ ምስር ይበቅልባታል። ከመሬቷ ሥር ደግሞ ፖታሽ ይወጣል፤ ለማዳበሪያ የሚሆነው። አሜሪካ ከውጭ ከምትገዛው ፖታሽ አብዛኛው የሚመጣው ከካናዳ ነው። ቀረጡ ሲጣል የጨነቀው ታዲያ የካናዳን ማዕድን አውጪ ብቻ አልነበረም። የዘር ወቅት የደረሰበትን የአሜሪካ በቆሎ ገበሬንም ነው። ጥቂት ቀን እንኳ ሳይቆይ ከውሉ ውጪ በሚገባው ፖታሽ ላይ የነበረው 25 በመቶ ወደ 10 ወረደ። ማዳበሪያ ሲዘገይ ምን እንደሚሆን ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው።

እኛንም ነክቶናል። በኤፕሪል 2025 በኢትዮጵያ ዕቃ ላይ 10 በመቶ ተጣለ። ቡናችንም ውስጥ ነበረበት። አሜሪካ ከሃዋይ ጥቂት ቦታ በቀር ቡና ይህ ነው የሚባል አይበቅልባትም። እና የማንን ገበሬ ሊጠብቁ ነው? ኑሮ ውድነቱ ሲያስመርር በኖቬምበር ቡናን ከቀረጡ አወጡት። ገዢው ነበራ የሚከፍለው!

እኔን ከመቶኛው በላይ የሚያሳስበኝ የመለዋወጡ ፍጥነት ነው። 35 በመቶ ይሁን፤ ካወቅሁት ዋጋዬን አስልቼ እነግዳለሁ። ዛሬ ተጥሎ ነገ ሲነሳ፣ ከነገ ወዲያ ሲጨመር ግን ማን ፋብሪካ ይተክላል? ይሄን እኛም ቀምሰነዋል። በጃንዋሪ 2022 የአፍሪካን ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው ከአጎዋ ስንወጣ ሸሚዝ ሰፍተው አሜሪካ ሲልኩ የነበሩ ድርጅቶች ሂሳባቸው ተበላሸ። ለቀው የሄዱም አሉ። ከልብስ ስፌት የቀረችው ልጅ ስለ አሜሪካ መንግሥት ውሳኔ ምንም የምታውቀው ነገር አልነበረም።

ይህን ስል ቀረጥ ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ድሮ ቢራ ጠማቂዎቻችን ብቅል በዶላር ያስመጡ ነበር። ዛሬ እዚሁ ከተማችን የብቅል ፋብሪካ አለ፤ የባሶና ወራናና የአንጎለላ ጠራ ገብስ ገዢ አገኘ። እንዲህ ያለውን ጀማሪ ለጥቂት ዓመት በቀረጥ መደገፍ ያስኬዳል። ግን «ቀረጥ ይጨመርልን» የሚል ፋብሪካ ሲመጣ ሁለት ነገር እንጠይቀው። ለስንት ዓመት? ማሽንህና ኬሚካልህስ ከየት ነው የሚመጣው? ግብዓቱ ከውጭ ከሆነ፣ ዛሬ የሚያስጨምረው ቀረጥ ነገ በሌላ በር ለራሱ ይመጣበታል። የአሜሪካ መኪና ሠሪዎች የደረሰባቸው ይኸው ነው። አንድ የመኪና ክፍል ተሠርቶ እስኪያልቅ የካናዳን ድንበር ደጋግሞ ይሻገራል።

ከመድረኩ ፊት ለፊት ለተቀመጣችሁ ኃላፊዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። ቀረጥ ሲለወጥ ቀደም ብሎ ይነገረን። መርከብ ላይ ያለ ዕቃም በአሮጌው መጠን ይስተናገድ። ነጋዴው ባንክ ተበድሮ፣ ኤልሲ የሚባለውን የባንክ የክፍያ ዋስትና ከፍቶ፣ ዋጋ ተስማምቶ ነው ያዘዘው።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር።