መግሉ የት ነው ያለው?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ አንዲት ኮድ ነው፤ ስለ ኬ11.3። በአይሲዲ-10፣ ማለትም የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው የበሽታዎች መመደቢያ ውስጥ፣ ይህች ኮድ መግል ለቋጠረ የምራቅ እጢ የተሰጠች ናት።

ሥራዬ ይኸው ነው። ሐኪም ካርድ ላይ የጻፈውን አነባለሁ፤ ያነበብኩትን ወደ ኮድ እለውጣለሁ። ታማሚውን አላየውም፣ ጉንጩን አልዳስስም። ያለኝ የተጻፈው ብቻ ነው።

ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አንድ ካርድ ደረሰኝ። ትኩሳት ይላል፤ በቀኝ በኩል ከጆሮ ፊት ያለው እጢ አብጧል ይላል፤ "ሲጫኑት መግል ወደ አፍ ይወጣል" ይላል። እኔ "መግል" የምትለዋን ቃል ሳይ ሌላውን ማንበብ ተውኩ። ኬ11.3 ብዬ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው አለፍኩ። በማግስቱ ኃላፊያችን ካርዱን ይዘው ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ።

"ልጄ፣ መግሉ የት ነው ያለው?" አሉኝ።

"ይኸው፣ ተጽፏል" አልኳቸው።

"መግል እንዳለማ ተጽፏል። ተቋጥሮ ይሁን እየወጣ ግን እስቲ አሳየኝ።"

ማሳየት አልቻልኩም። እስከዛሬ ድረስ የምራቅ እጢ ካርድ ባየሁ ቁጥር ይህ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ አለ።

ነገሩን በራሳችሁ አፍ ላሳያችሁ። ምላሳችሁን ከላይኛው ሁለተኛ የመንጋጋ ጥርስ ትይዩ፣ በጉንጫችሁ የውስጥ ገጽ ላይ አሳርፉት። ትንሽ ከፍ ያለች ነጥብ ታገኛላችሁ። ፓሮቲድ የሚባለው፣ ከጆሮ ፊት ያለው ትልቁ የምራቅ እጢ ምራቁን የሚያፈስባት የቧንቧ አፍ ያቺ ናት። ሌሎቹ ሁለት ጥንዶች ከታችኛው መንጋጋ ሥርና ከምላስ ሥር ናቸው። ምራቅ እንደ ልቡ ሲፈስ ቧንቧውን እያጠበ ነው የሚወርደው። ሰው ውሃ ሲያጥረው፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሳይበላ ሳይጠጣ ሲሰነብት፣ ምራቅ የሚያደርቅ መድኃኒት ሲወስድ፣ ወይም ጠጠር ቧንቧውን ሲዘጋው ግን ፍሰቱ ይቆማል። ያኔ አፍ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ሽቅብ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የሚባለው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1881 የተተኮሰባቸው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ ከሞታቸው በፊት በአልጋ ላይ ሳሉ፣ ሰውነታቸው ከስቶ፣ ምግብ አልረጋ ብሏቸው፣ የቀኝ ፓሮቲዳቸው መግል ይዞ ሐኪሞቹ ከፍተውታል። ያን ጊዜ አንቲባዮቲክ የሚባል ነገር አልነበረም።

እንግዲህ ባክቴሪያው ገብቶ እጢው ሲቆጣ መግል ሊፈጠርና በዚያችው ቧንቧ ወደ አፍ ሊወጣ ይችላል። ይህ የእጢ ኢንፌክሽን ነው፤ ኮዱ ኬ11.2። ፈሳሽ፣ አንቲባዮቲክ፣ የሞቀ ጨርቅ፣ ምራቅ እንዲመነጭ ኮምጣጣ ነገር፣ እጢውን ወደ ቧንቧው አቅጣጫ ማሸት፤ ብዙውን ጊዜ በዚህ ይድናል። የእጢው ሥጋ ሞቶ፣ መግሉ መውጫ አጥቶ፣ ዙሪያውን ግድግዳ ሠርቶ ሲቀመጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያ ነው ኬ11.3። አብዛኛውን ጊዜ በመርፌ ካልተቀዳ ወይም ካልተከፈተ መድኃኒት ብቻውን አይበቃውም። መክፈቱም ቀላል አይደለም። ዓይን የሚያስከድነው፣ ከንፈር የሚያንቀሳቅሰው የፊት ነርቭ በፓሮቲድ መሀል ነው የሚያልፈው።

ሐኪሞቹንም ሳስብ አዝንላቸዋለሁ። ሌላ ቦታ ላይ መግል ሲቋጠር በጣት ሲጫኑት ፈሳሽ እንዳለው ይታወቃል። ፓሮቲድ ግን ጠንካራ ሽፋን ስላለው ውስጡ መግል ሞልቶም ከላይ ደረቅ እብጠት ሊመስል ይችላል። ለዚህ ነው አልትራሳውንድ ወይም ሲቲ ስካን የሚያዝዙት። እብጠቱ ጭራሽ ከእጢው ላይሆንም ይችላል። ጆሮ ደግፍ የራሱ ኮድ አለው፣ ቢ26፤ ከመንጋጋ ጥርስ ሥር የተነሳ መግል የራሱ አለው፤ እጢው አጠገብ ያለ ንፍፊትም እንዲሁ። ጆሮ ደግፍን ኬ11.2 ብሎ የጻፈ ሰው አንድ ተላላፊ በሽታ ከቆጠራ ውጭ አደረገ ማለት ነው። ይህ በጣም ያስጨንቀኛል።

ወደዚያ ካርድ ልመለስ። አልትራሳውንዱን ራሴ አንብቤ ልወስን ብል ኃላፊያችን ከለከሉኝ። ምርመራውን ተርጉሞ የበሽታውን ስም የሚሰጠው ሐኪሙ ነው፤ የእኛ ድርሻ መጠየቅ ነው። አጠያየቁም ወግ አለው። "አብሰስ (የተቋጠረ መግል) ነው አይደል?" ብሎ መጠየቅ መልሱን አፍ ውስጥ ማስገባት ነው። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ካርዱ ላይ መግል በቧንቧው እንደሚወጣ ተጽፏል፤ አልትራሳውንድም ተሠርቷል። የበሽታውን ምንነት ቢገልጹልን።" መልሱ በዚያው ቀን መጣ፦ የፓሮቲድ አጣዳፊ ኢንፌክሽን፣ የተቋጠረ መግል የለም። ኮዱን ወደ ኬ11.2 አስተካከልኩ።

ከሳምንት በኋላ የዚያው ሰው ካርድ ተመልሶ መጣ። ትኩሳቱ አልወረደም፤ አፉን መክፈት ከብዶታል። ሲቲ ስካን ተነስቷል። ሐኪሙ በዚህኛው ላይ "በቀኝ ፓሮቲድ ውስጥ የተቋጠረ መግል" ብለው በግልጽ ጽፈዋል። "ቀኝ" እና "ፓሮቲድ" የሚሉትን ቃላት ወደድኳቸው፤ ምክንያቱም ኬ11.3 የትኛው እጢ እንደሆነ፣ በየት በኩል እንደሆነ አትናገርም። ያ ዝርዝር ካርዱ ላይ ካልተጻፈ የትም አይገኝም።

ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን አስቀምጬ ረጅም ጊዜ አየኋቸው። አንደኛው ኬ11.2፣ ሁለተኛው ኬ11.3። በሽታው እንዴት እንደተለወጠ በሁለት ኮድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የመጀመሪያውን እንደ ጻፍኩት ብተወው ኖሮ፣ ያ ሰው ከመጀመሪያው ቀን መግል ቋጥሮ ሳይከፈትለት ወደ ቤቱ የተላከ ይመስል ነበር፤ ያከሙትም ሐኪም ባላጠፉት ጥፋት ይጠየቁ ነበር።

የቀዶ ሕክምናው ማስታወሻ ከሥር ተያይዟል። መጨረሻው ላይ በእጅ ጽሑፍ አንዲት መስመር አለች፦ "መግሉ ወጥቷል። ቀኝ ዓይኑን ሙሉ በሙሉ ይከድናል።"