ጉዞውን በልጁ እርምጃ መለካት

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ ወላጆች፦

ከልጆቻችሁ ጋር ወደ ውጭ አገር ሄዳችሁ ተፈጥሮንና ባህልን ለመጎብኘት የምታስቡ ሁሉ ዛሬ በዚህ አዳራሽ በመገኘታችሁ ደስ ብሎኛል። የተጋበዝሁት ስለ ዕቅድ አወጣጥ እንድናገር ነውና አቋሜን ከመጀመሪያው በግልጽ ላስቀምጥ። ብዙዎቻችን የቤተሰብ ጉዞ ስናቅድ ከቦታው ዝና እንነሣለን፤ ፎቶግራፉን ያየነውን ወይም ስሙን ደጋግመን የሰማነውን ስፍራ እንመርጥና ልጆቹን ከዚያ ጋር ለማስማማት እንታገላለን። እኔ ግን ዕቅዱ መነሣት ያለበት ከልጁ ዕድሜ፣ ከእግሩ ጉልበትና ከእንቅልፉ ነው ባይ ነኝ። ተራራውም ቤተ መቅደሱም ባሉበት ይቆያሉ፤ ልጁ ግን በየዓመቱ ሌላ ሰው ነው፤ በስድስት ዓመቱ ያስለቀሰው ጉዞ በአሥራ ሁለት ዓመቱ ሊያስፈነድቀው ይችላል። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ ላስታውስ።

ስለ ዕድሜ ስናገር የልጁን ፍላጎትና ስሜት ብቻ ማለቴ አይደለም፤ የተጻፈ ሕግም አለ። በሩዋንዳም ሆነ በኡጋንዳው ብዊንዲ ደን የተራራ ጎሪላዎችን ለማየት የሚደረገው የእግር ጉዞ ከ15 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይፈቀድም። ጎሪላ በተፈጥሮው ለሰው እጅግ ቅርብ ስለሆነ የሰው ጉንፋንና ሌሎች የመተንፈሻ አካላት በሽታዎች ይጋቡበታል፤ ልጆች ደግሞ እንዲህ ያለውን በሽታ ቶሎ ቶሎ ይይዛቸዋል፤ በዚያ ላይ መንገዱ ዳገትና ጭቃ የበዛበት ነው። ይህን ሕግ የመግቢያ ፈቃዱን ከገዙና ማረፊያውን ከያዙ በኋላ የሚሰሙ ወላጆች ጥቂት አይደሉም። ያን ጊዜ የሚቀረው መላ አንደኛው ወላጅ ከታናሽየው ጋር ቀርቶ ሌላኛው ከታላቅየው ጋር መሄድ ነው፤ በእኔ እይታ ይህ የቤተሰብ ጉዞ መሆኑ ቀርቷል። በካምቦዲያው አንግኮር ዋትም ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ቁልቁለታቸው የሚያስፈራውን ደረጃዎች አልፎ ወደ ላይኛው የቤተ መቅደሱ ክፍል እንዲወጣ አይፈቀድለትም።

ከዱር እንስሳት ጋር ለሚደረግ የመጀመሪያ ትውውቅ እኔ ከጎሪላው ይልቅ የባሕር ኤሊን እመርጣለሁ። በኮስታ ሪካ የካሪቢያን ጠረፍ በምትገኘው ቶርቱጌሮ፣ በተለይ ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ፣ አረንጓዴ የባሕር ኤሊዎች እንቁላል ለመጣል ሌሊት ሌሊት ወደ አሸዋው ይወጣሉ። ጎብኚዎች ፈቃድ ያለውን አስጎብኚ ተከትለው፣ ጠቆር ያለ ልብስ ለብሰው፣ ባትሪም ካሜራም ሳያበሩ በጨለማ ይጠብቃሉ። ኤሊዋ በኋላ እግሮቿ አሸዋውን እየዛቀች ጉድጓዱን ትቆፍራለች፤ መጣል ከጀመረች በኋላ ከኋላዋ በዝግታ ተጠግቶ ማየት ይቻላል፤ አንድ መቶ ያህል እንቁላል ከጣለች በኋላ አሸዋውን መልሳ ደፍና ወደ ባሕሩ ትመለሳለች። የአሸዋው ሙቀት ከፍ ሲል የሚፈለፈሉት በብዛት ሴቶች፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ወንዶች መሆናቸውን አስቀድሞ የሰማ ልጅ በባዶ እግሩ የረገጠውን አሸዋ በሌላ ዓይን ያየዋል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሆነው ልጁ በወትሮው በሚተኛበት ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ሳያንቀላፋ የመጣ ልጅ በአባቱ ትከሻ ላይ ተኝቶ ይመለሳል። ስለዚህ የዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ለእንቅልፍ የተተወ መሆን አለበት፤ ሌላ ምንም አይጨመርበት።

ወቅትን በተመለከተ የሚያጋጥመው ስሕተት ብዙ ጊዜ «መቼ ነው የሚያምረው?» የሚለውን ጥያቄ ብቻ ከመጠየቅ ይመጣል። በዛምቢያና በዚምባብዌ ድንበር ላይ ያለው የቪክቶሪያ ፏፏቴ 1,708 ሜትር ስፋትና 108 ሜትር ከፍታ ያለው ድንቅ ነው፤ ይሁንና ውኃው እጅግ በሚሞላባቸው ወራት፣ በተለይ በማርችና በኤፕሪል፣ ጭጋጉ ፏፏቴውን ራሱን ይጋርደዋል፤ ትልልቆቹ ይደነቃሉ፣ ትንንሾቹ ይበሰብሳሉ። በኦክቶበርና በኖቬምበር ደግሞ በዛምቢያ በኩል ያለው ገደል በአመዛኙ ደርቆ ዓለቱ ይታያል። በታንዛኒያው ሴሬንጌቲና በኬንያው ማሳይ ማራ ሰው ሁሉ የሚጓጓው ዊልደቢስት የሚባሉት በመንጋ የሚጓዙ ሣር በል የዱር እንስሳት ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ የማራን ወንዝ ሲሻገሩ ለማየት ነው። ከትንንሽ ልጆች ጋር ግን የወንዙን ዳር አልመክርም። መንጋው መቼ እንደሚሻገር የሚያውቅ የለም፤ በመኪና ውስጥ ለረጅም ሰዓታት ተቀምጦ መጠበቅ ይጠይቃል፤ በመጨረሻም የሚታየው አዞ ግልገል ሲጎትት ሊሆን ይችላል። ከጃንዋሪ እስከ ማርች መጀመሪያ በደቡባዊው የሴሬንጌቲ ሜዳ መንጋው በሚወልድበት ጊዜ ሣሩ አጭር ስለሆነ ምንም አይጋረድም፤ አሁን የተወለደ ግልገል በደቂቃዎች ውስጥ እየተንገዳገደ ሲነሣ ማየት ለአምስት ዓመት ልጅ ሙሉ ቀን የሚወራ ታሪክ ነው። አዳኝ እንስሳት እዚያም አሉና ለልጆቹ አስቀድሞ መንገር ግን አይቅር።

የቦታው ከፍታ ለትልልቆች የምቾት፣ ለትንንሾች ግን የጤና ጉዳይ ነው። የፔሩዋ ኩስኮ ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ያህል ላይ ስትገኝ ጥንታዊው የኢንካዎች ከተማ ማቹ ፒቹ ግን 2,430 ሜትር ላይ ነው፤ ማለትም የሚያስቸግረው መድረሻው ሳይሆን መግቢያው ነው። ስለዚህ ቤተሰብ ኩስኮ እንዳረፈ በዚያው ቀን ዝቅ ወዳለው የኢንካዎች ቅዱስ ሸለቆ ወርዶ ቢያድርና ከተማዋን ለመጨረሻዎቹ ቀናት ቢያቆይ ይሻላል። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር የተለመደ ምክር ነው። ትንሽ ልጅ «ራሴን አመመኝ» ብሎ አያስረዳም፤ ምግብ እንቢ ይላል፣ ይነጫነጫል፣ አልተኛም ይላል። ወላጅ ይህን እንደ ጥጋብ ቆጥሮ እንዳይቆጣ አደራ እላለሁ፤ ሕመሙ ከባሰ መድኃኒቱ ወዲያውኑ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ነው።

ወደ ባህሉ ልለፍ፤ እኔ ከሁሉ ይልቅ የምወደው ክፍል ይህ ነው። በ1879 በሰሜን ስፔን አልታሚራ በተባለው ዋሻ ውስጥ ማርሴሊኖ ሳንስ ደ ሳውቱኦላ የተባሉ ባላባት የድንጋይ መሣሪያ ፍለጋ ወለሉን ይቆፍሩ ነበር። ጣሪያው ላይ የተሳሉትን ጎሾች ያየችው ግን አብራቸው የነበረችው የስምንት ዓመት ልጃቸው ማሪያ ናት። አባትዬው ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም ነበር፤ ልጅቱ ቀና ብላ አየች። በ1940 በፈረንሳይ የላስኮን ዋሻ ያገኙትም ወጣቶች ናቸው። ዛሬ ጎብኚ ሥዕሎቹን የሚያየው በአቅራቢያው በተሠሩት ቅጂ ዋሻዎች ነው፤ ይህም ዋናውን ከሰው ትንፋሽና እርጥበት ለመጠበቅ ሲባል ነው። አንዳንድ ወላጆች ቅጂውን ይንቁታል። ልጆች ግን አይንቁትም፤ ቅጂ ለምን እንዳስፈለገ መስማት ራሱ ስለ ቅርስ አጠባበቅ የሚያገኙት የመጀመሪያ ትምህርት ነው።

ከዚህ ተነሥቼ የምለው በትልቅ ሙዚየም ውስጥ ልጅን ከክፍል ወደ ክፍል መጎተት ከንቱ ድካም መሆኑን ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት ወይም አራት ቅርሶችን ከነታሪካቸው ምረጡ፤ ልጁ ራሱ ይፈልጋቸው፤ ሲያገኛቸው ውጡ። በግብፅ አቡ ሲምበል ያሉት የዳግማዊ ራምሴስ ቤተ መቅደሶች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ውኃ እንዳይውጣቸው ከ1964 እስከ 1968 ባለው ጊዜ በብሎክ በብሎክ ተቆርጠው 65 ሜትር ያህል ወደ ላይ፣ 200 ሜትር ያህል ደግሞ ወደ ኋላ ተወስደው እንደገና ተገጣጠሙ። ይህን የሚያውቅ የአሥር ዓመት ልጅ በግዙፎቹ ሐውልቶች እግር ሥር ቆሞ የተቆረጠበትን መጋጠሚያ ሲፈልግ ታያላችሁ፤ ያልተነገረው ልጅ ግን «መቼ ነው የምንሄደው?» ይላል። ለትንንሾቹ ደግሞ እንደ ስቶክሆልሙ ስካንሰን ያሉ ከቤት ውጭ በሜዳ ላይ የተዘጋጁ ሙዚየሞች ይመቻሉ። በ1891 የተከፈተው ይህ ስፍራ ከየአካባቢው የመጡ የቀድሞ ቤቶችን ሰብስቦ፣ የእጅ ሥራ ባለሙያዎችን በውስጣቸው አስቀምጦ ያሳያል፤ ልጅ ሮጦም ይማርበታል።

የሰውን ባህል ስንጎበኝ የምንጎበኘው ሰውን ነው። በአውስትራሊያ ኡሉሩ የተባለውን ዓለት መውጣት ከኦክቶበር 26 ቀን 2019 ጀምሮ የተከለከለው የአካባቢው ነባር ሕዝብና የዓለቱ ባለቤቶች ለሆኑት ለአናንጉዎች ቅዱስ ስፍራ ስለሆነ ነው፤ «ለምን አንወጣም?» ለሚል ልጅ መልሱን ከቤት ይዞ መሄድ ያሻል። ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ተወስዶ «ጎብኙ» መባልን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ የዚያ ቤት ልጆችም እንደ ልጆቻችን ናቸው፣ ትርዒት አይደሉም። ዝሆን ላይ መቀመጥንም እንዲሁ፤ ሰው እንዲሸከም የሚሠለጥነው ዝሆን ብዙውን ጊዜ የሚሠለጥነው በሥቃይ ነው።

ስለ ሰነድ ባጭሩ ልበል። ብዙ አገሮች ፓስፖርት ቢያንስ ስድስት ወር ቀሪ ጊዜ እንዲኖረው ይጠይቃሉ፤ የልጆች ፓስፖርት ደግሞ በብዙ አገሮች ከአዋቂው ፓስፖርት ይልቅ ቶሎ ጊዜው ያልፋል። ልጁ ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ የሚጓዝ ከሆነ ከሌላኛው ወላጅ የተሰጠና በሕጋዊ አካል የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ ከልደት የምስክር ወረቀት ጋር መያዝ ይገባል። የቢጫ ወባ ክትባት የሚሰጠው በመደበኛነት ከዘጠኝ ወር ዕድሜ ጀምሮ ሲሆን የምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ስለዚህ የመሳፈሪያው ዋዜማ ላይ ክትባት ፍለጋ መሮጥ አይጠቅምም። ወባ ባለበት አካባቢ ከአምስት ዓመት በታች ያሉት ይበልጥ ይጎዳሉ፤ የመከላከያው መድኃኒት መጠን በልጁ ክብደት ስለሚወሰን ሐኪም ዘንድ ቀርባችሁ አስመዝኑት። ቢልሃርዝያ በሚገኝባቸው ሐይቆች፣ ለምሳሌ በማላዊና በቪክቶሪያ፣ ልጆች ሳይጠየቅ ዘለው እንዳይገቡ። ውሻ ወይም ዝንጀሮ ከነከሳቸው ሳይደብቁ እንዲናገሩ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ቁስሉ በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ታጥቦ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት።

የቀናቱን አደላደል በሚመለከት የእኔ ምርጫ አንድ ማረፊያ ይዞ ከዚያ እየወጡ መመለስ ነው። የሰዓት ልዩነቱ ትልቅ በሆነበት ጉዞ የመጀመሪያው ቀን ባዶ ይሁን። ከዚያ በኋላ ጠዋት ላይ አንድ ዋና ጉብኝት ይበቃል፤ ከሰዓት በኋላው ለመዋኛ፣ ለዛፍ ጥላ ወይም ለምንም ነገር ይተው። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊትም የጉዞውን ዝርዝር ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ለእያንዳንዱ ልጅ እርሳስ ስጡትና አንድ ነገር እንዲሰርዝ፣ አንድ ነገር ደግሞ እንዲጨምር ፍቀዱለት። የተሰረዘው እናንተ የጓጓችሁለት ቦታ ቢሆን እንኳ ምክንያቱን ሳትጠይቁ እርሳሱን አትንጠቁ።

ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።