የአጎቴ ሲኮ ፋይቭ እና 31ኛው ቀን

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ከጀርባዬ የምትሰሙት ዝናብ ነው። ጅማ ነኝ፣ ክረምት ነው፣ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጬ ነው የምቀዳው። ዛሬ ስለ አንድ ሰዓት ላወራችሁ ነው። የአጎቴ ሲኮ ፋይቭ።

አጎቴ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ሰዓቱን የገዙት ማስተማር በጀመሩበት ዓመት፣ በ1977 ዓ.ም. ነው። የጀርባ ክዳኑ ላይ 7009 ይላል፣ ይሄ የሞተሩ ዓይነት ነው። የመለያ ቁጥሩ ደግሞ በ38 ይጀምራል። ሲኮ ላይ የመጀመሪያው አሃዝ ዓመቱን፣ ሁለተኛው ወሩን ነው የሚነግራችሁ። 3 ብቻውን 1993ም ሊሆን ይችላል፣ ግን መቼ እንደተገዛ ስለማውቅ እ.ኤ.አ. ኦገስት 1983 ነው ብዬ ያዝኩት።

ችግሩ ቀኑ ነበር። አንዳንድ ቀን ቁጥሩ መሀል ላይ ይቆማል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይንቀሳቀስም። አንድ ሰዓት ሠሪ ጋ ወስደውት ነበር፣ ሳይፈታው ዘይት ጨምሮ መለሰላቸው። ይሄ ያናድደኛል። ቆሻሻ ላይ ዘይት ሲጨመር ጭቃ ነው የሚሆነው፣ ጥርሶቹን የሚበላውም እሱ ነው። እኔ ይሄን ሥራ ለእንጀራ አልሠራም፣ ስለምወደው ነው የምሠራው። መርካቶ፣ የኛው የጅማው መርካቶ ማለቴ ነው፣ የሞቱ ሰዓቶች እየገዛሁ በነሱ ነው የተማርኩት። «ጋሼ፣ ለኔ ይስጡኝ» አልኳቸው። ከእጃቸው ፈትተው ሰጡኝ።

ከፈታሁት ሁሉ የምወዳት አንዲት ክፍል አለች። እጃችሁን ስታንቀሳቅሱ ከሚዞረው ክብደት ሥር፣ ሁለት ክንድ ያላት ቀጭን ብረት ትገኛለች። ክብደቱ ሲዞር ብረቷ ወደፊትና ወደኋላ ትላለች፣ አንዱ ክንድ ጥርሱን ሲገፋ ሌላው ይስበዋል፣ ስለዚህ ክብደቱ ወደ ቀኝም ዞረ ወደ ግራ ሞላው ይጠመጠማል። ሲኮ ይሄን ዘዴ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በእጅ የሚጠመጠም ነገር የለውም 7009፣ ሕይወቱ ከሚለብሰው ሰው እጅ ነው። ይህች ብረት ከ40 ዓመት በኋላም ምንም አልሆነችም። በወረንጦ ይዤ ወደ መብራቱ አስጠግቼ ብዙ ጊዜ አየኋት።

ማጠቡን ቶሎ ልለፈው። የተጣራ ቤንዚን፣ በረንዳ ላይ፣ ከእሳት ርቆ። ድንጋይ የተጣበቀባትን ሹካ መሳይ ክፍል አልኮል ውስጥ እንዳትዘፈዝፉ፣ ድንጋዩን የያዘው ሼላክ የሚባል ሙጫ ይሟሟል።

ከዚያ ወደ ፊቱ ዞርኩ። የዕለቱን ስም የያዘውን ክብ የምታስር ግማሽ ቀለበት አለች፣ ከጤፍ ብዙም አትበልጥም። ተፈናጥራ ጠፋች። ሁለት ማታ ፈለግኋት። በመጨረሻ መብራት ሲጠፋ ነው ያገኘኋት። የስልኬን ባትሪ ሲሚንቶው ላይ አጋድሜ ሳበራ የራሷ ጥላ ረዝሞ ታየኝ። ከላይ ስታበሩ የማይታይ ነገር ከጎን ሲበራ ይታያል፣ ለማንኛውም ትንሽ ነገር ሞክሩት።

ክቡን ሳነሳው ቀኑን የሚገፋው ጣት መሳይ ጥርስ ጫፉ ተበልቷል። ይሄ ጥርስ ዝም ብሎ አያልቅም። በስንት ሰዓት ነው የሚያልቀው ብዬ ሳስብ ነው ነገሩ የገባኝ።

አጎቴ ሰዓታቸውን የሚሞሉት በኛ አቆጣጠር ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ሰዓቱም አንድ ይላል። ስለዚህ ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። ስታስቡት ያምራል፣ ጃፓን የተሠራ ሰዓት ጅማ ላይ ሲነጋ ቀን ይለውጣል። ቁጥሩንም በኛው ወር ነው የሚይዙት። ግን የሲኮ ወር 31 ነው፣ የኛ 30። በየወሩ መባቻ ሰዓቱ 31 ይላል፣ አጎቴ ወደ 1 ያሻግሩታል። መስከረም 1 ላይ ደግሞ፣ ጳጉሜ 5 ሆና ስታልቅ፣ ከ6 ተነስቶ 1 ለመድረስ 26 ጊዜ ማዞር ነው።

ጣቱ ግን ክቡን የሚነካው ለደቂቃ አይደለም። ከ12 በፊትም በኋላም ለሰዓታት ጥርሱ ውስጥ ገብቶ ይቆያል። ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ቀኑን በመሙያው በግድ ካዞራችሁት ጣቱን ትጎዱታላችሁ።

«ጋሼ፣ ቀኑን የሚቀይሩት መቼ ነው?» አልኳቸው።

«ጠዋት ነዋ፣ ቡና ሳይፈላ። ወሩ ገብቶ 31 እያለ እንዴት እውላለሁ?»

40 ዓመት ሙሉ። ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፣ እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ሰዓቱን ከፍቼ ጥርሱን በአጉሊ መነጽር አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። «ይሄን ያደረግኩት እኔ ነኝ?» አሉኝ። ከምሳ በኋላ ቢቀይሩት ምንም አይሆንም አልኳቸው። እኔ የፈለግኩት ሰዓቱን በፈረንጅ እንዲሞሉት ማሳመን አልነበረም። ሰዓቱ የሳቸው ነው፣ ቀናቸው የሚጀምረው ሲነጋ ነው፣ ጥገናዬም በዚያ መሠረት መሆን አለበት።

መርካቶ ከአንድ ሰዓት ሠሪ ሞተሩ የቆመ ሌላ 7009 ገዛሁ፣ ጥርሱን ከሱ ወሰድኩ። ገጠምኩት። በሰከንድ 6 ጊዜ፣ በቀን 518,400 ጊዜ ይመታል። ቆጣሪዎቹን ስመልስ ቀኑ ሲዞር ጠብቄ ልክ 12 ላይ ተከልኳቸው፣ ንጋት ላይ እንዲሆንም ሁለት ቀን በሌሊት ተነስቼ አየሁት።

ሐምሌ 1 ቀን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«31 ይላል» አሉ። «አሁን ልቀይረው?»

«ይቀይሩት ጋሼ።»

ስልኩን አልዘጉትም። መሙያው ስትሳብ ሰማኋት፣ ከዚያ ቀጭ አለ።

«አንድ አለ» አሉኝ።