ስክሪን ሴቨርን በስክሪፕት መቀየር፦ ስክሪፕቱ አለቀ፣ ለምን ምንም አልተለወጠም?

[መክፈቻ፦ የጠቆረ ስክሪን። ማውሱ ሲነካ የፓስወርድ መጠየቂያው ይመጣል።]

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ የስክሪን ሴቨር ሴቲንግን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሳይነካ ሲቆይ ስክሪኑን የሚሸፍነውን ነገር፣ በስክሪፕት እንዴት እንደምንቀይር ላሳያችሁ ነው። ስክሪፕት ማለት ኮምፒውተሩ በተራ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል ነው። አንድ ኮምፒውተር ብቻ ካላችሁ ስክሪፕት አያስፈልጋችሁም፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ጨርሱት። 30 ኮምፒውተር ሲሆን ግን በእጅ አይዘለቅም፤ አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው ያመልጣችኋል።

ስክሪን ሴቨር ድሮ የመጣው በእነዚያ ወፍራም የካቶድ ሬይ ስክሪኖች ምክንያት ነው። አንድ ምስል ሳይንቀሳቀስ ብዙ ከቆየ ጥላው ስክሪኑ ላይ ታትሞ ይቀር ነበር። እኔ ዛሬ የምፈልገው ግን ለሌላ ነገር ነው። ሰው ከወንበሩ ተነስቶ ሲሄድ ኮምፒውተሩ ራሱን እንዲቆልፍ። ኢሜይሉ እንደተከፈተ፣ የሰው ደመወዝ ያለበት ፋይል እንደተዘረጋ ትቶት የሚሄድ ሰው ስንት አለ! አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያነበዋል። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል፣ ቪዲዮውንም የሠራሁት ለዚሁ ነው።

[ስክሪን ላይ፦ ሬጂስትሪ ኤዲተር ይከፈታል። አራት መስመሮች በቢጫ ይቀለማሉ።]

ዊንዶውስ ላይ እንጀምር። ሴቲንጉ የሚቀመጠው ሬጂስትሪ ውስጥ ነው፤ ዊንዶውስ ሴቲንጎቹን የሚመዘግብበት ቦታ ማለት ነው። ኤችኬ ከረንት ዩዘር፣ ከዚያ ኮንትሮል ፓነል፣ ከዚያ ዴስክቶፕ። ብዙ መስመር ታያላችሁ፣ የእኛ ጉዳይ ግን ከአራቱ ጋር ብቻ ነው። ስክሪን ሴቭ አክቲቭ የሚለው 1 ከሆነ በርቷል፣ 0 ከሆነ ጠፍቷል። ስክሪን ሴቭ ታይም አውት ኮምፒውተሩ ሳይነካ ስንት ሰከንድ ሲቆይ ይጀምር የሚለው ነው፤ በሰከንድ ስለሆነ 10 ደቂቃ ከፈለጋችሁ 600 ትጽፋላችሁ። ስክሪን ሴቨር ኢዝ ሴኪውር ደግሞ 1 ሲሆን ስትመለሱ ፓስወርድ ይጠይቃል። አራተኛው ስሙ ኢኤክስኢ ብሎ የሚያልቀው ነው፣ የትኛው ስክሪን ሴቨር እንደሚነሳ የፋይሉን አድራሻ ይይዛል። ስክሪን ሴቨር ካልተመረጠ ይሄኛው መስመር ጭራሽ ላይኖር ይችላል፣ አትደንግጡ፣ ስክሪፕቱ ይፈጥረዋል።

እዚህ ጋ ቆም በሉና ስሞቹን በደንብ እዩዋቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ "ሴቭ" ነው የሚሉት። ሦስተኛው ግን "ሴቨር" ነው፣ መጨረሻው ላይ አር አለችው። ይቺን አንዲት ፊደል ብትረሱ ፓወርሼል፣ ማለትም ስክሪፕቱን የምናስኬድበት የዊንዶውስ ፕሮግራም፣ ስህተት ነው ብሎ አይነግራችሁም። በተሳሳተው ስም አዲስ መስመር ፈጥሮ ዝም ይላል። እናንተም ተሳክቶልኛል ብላችሁ ትሄዳላችሁ፣ ኮምፒውተሩ ግን ፓስወርድ አይጠይቅም። ስለዚህ ስሙን በእጃችሁ አትጻፉት፣ ከሬጂስትሪው ላይ ኮፒ አድርጉ። ሌላው፣ አራቱም የሚቀመጡት እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ነው። 600ውን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡት።

[ስክሪን ላይ፦ ፓወርሼል። አራቱ ትእዛዞች አንድ በአንድ ይጻፋሉ።]

ትእዛዙ ሴት አይተም ፕሮፐርቲ ይባላል። የሬጂስትሪውን መንገድ፣ የመስመሩን ስምና አዲሱን ዋጋ ትሰጡታላችሁ፤ ይህንኑ አራት ጊዜ ነው። "ስክሪፕት ማስኬድ ተከልክሏል" ካላችሁ ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ አይደለም፣ ዊንዶውስ ሲመጣ እንዲህ ሆኖ ነው የሚመጣው። ክልከላውን ለዚያች ለተከፈተችው መስኮት ብቻ አንሱት። ለሁሉም ጊዜ ከፍታችሁ አትተዉት።

ስክሪን ሴቨሮቹ የሚገኙት ሲስተም 32 ፎልደር ውስጥ ነው፣ የፋይላቸው ስም ኤስሲአር ብሎ ያልቃል። እኔ የምመርጠው ባዶውን ጥቁር ነው። ምንም ስለማይስል ኮምፒውተሩን አያደክምም። ኦሌድ ስክሪን ላላችሁም የቆመ ምስል አሁንም ጥላ ስለሚተው ጥቁሩ ይሻላል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ኤስሲአር ፋይል ሥዕል አይደለም። እንደ ማንኛውም ፕሮግራም የሚሠራ፣ የፈለገውን ማድረግ የሚችል ፋይል ነው። ቆንጆ ስክሪን ሴቨር ብለው የላኩላችሁን ሁሉ አትክፈቱ።

እሺ፣ አራቱን ጻፋችሁ፣ ስክሪፕቱ ያለ ምንም ስህተት አለቀ። 10 ደቂቃ ጠበቃችሁ። ምንም የለም። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም ሁለት ሊሆን ይችላል።

አንደኛው፣ ዊንዶውስ ይህን ሬጂስትሪ በየደቂቃው እየሄደ አያይም። ሎግኢን ስታደርጉ ያነበዋል፣ ከዚያ ያነበበውን ይዞ ይቀጥላል። እናንተ ወረቀቱን ቀይራችኋል፣ እሱ ግን የያዘው የቀድሞውን ነው። ሎግአውት አድርጎ መመለስ ይበቃል። መጠበቅ ካልፈለጋችሁ ደግሞ ሲስተም ፓራሜተርስ ኢንፎ የሚባል የዊንዶውስ ፈንክሽን አለ፣ ከፓወርሼል ውስጥ ሊጠራ ይችላል። 15 ቁጥርን ስትሰጡት የሰከንዱን ልክ ይቀይራል፣ 17 ያበራል ወይም ያጠፋል፣ 119 የፓስወርዱን ነገር ይቀይራል። በትእዛዙ መጨረሻ ቦታ ላይ ደግሞ 3 ጻፉ። 3 ማለት ለውጡን መዝግበው፣ ለተከፈቱት ፕሮግራሞችም ንገራቸው ማለት ነው። ያኔ ወዲያው ይሠራል።

[ስክሪን ላይ፦ ሁለት የተለያዩ አካውንቶች ጎን ለጎን።]

ሁለተኛው እኔን ግማሽ ቀን የፈጀብኝ ነው። ስክሪፕቱን በአድሚን አካውንት አስኬድኩት፣ ሬጂስትሪውን ከፍቼ አየሁት፣ 600 ተጽፏል። ተጠቃሚዋ ግን "ኧረ ምንም አልቆለፈም" ትላለች። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ከረንት ዩዘር ማለት ስክሪፕቱን ያስኬደው ሰው ማለት ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ማለት አይደለም። ለካ ስቀይር የነበረው የአድሚኑን ሴቲንግ ነው፣ የእሷን አልነካሁትም። ስለዚህ ስክሪፕቱ በራሱ በተጠቃሚው ስም፣ እሱ ሎግኢን ሲያደርግ መሄድ አለበት። ታስክ ስኬጁለር የሚባለው፣ ሥራዎችን በተወሰነ ጊዜ የሚያስነሳው የዊንዶውስ ፕሮግራም ይህን ያደርግላችኋል። ሬጂስትሪው ውስጥ ነጥብ ዲፎልት የሚል አካውንት አይታችሁ "ለሁሉም የሚሠራው ይሄ ነው" እንዳትሉ ደግሞ። እሱ የሲስተሙ የራሱ ነው፣ ማንም ሎግኢን ሳያደርግ ለሚታየው ስክሪን ነው የሚያገለግለው።

የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነና የስክሪን ሴቨሩ ሴቲንግ ደብዝዞ አልነካም ካለ፣ ከላይ በግሩፕ ፖሊሲ፣ ማለትም ኃላፊው ለብዙ ኮምፒውተሮች ባወጣው ደንብ ተይዟል ማለት ነው። የፖሊሲው ሁልጊዜ ያሸንፋል። ከእሱ ጋር አትታገሉ፣ የኔትወርኩን ኃላፊ አነጋግሩ። ኃላፊው እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ስክሪፕቱን ተዉትና በፖሊሲው ጨርሱት፣ ይሻላል።

ስክሪኑ ቀድሞ የሚጠፋ ከሆነም ስክሪን ሴቨሩን አታዩትም። ያንን የሚቀይረው ፓወር ሲኤፍጂ የሚባለው ትእዛዝ ነው፣ እሱ ግን የሚቆጥረው በደቂቃ ነው። 600 ብላችሁ ብትሰጡት 10 ሰዓት ሊሆንላችሁ ነው! ቪዲዮ እየታየ ሳለ አልነሳም ቢልም ስክሪፕቱን አትውቀሱት፣ ማጫወቻው ራሱ ነው የሚከለክለው።

ማክ ላይ ዲፎልትስ በሚባለው ትእዛዝ አይድል ታይም የሚለውን ትቀይራላችሁ። ሊኑክስ ላይ ኖም የሚባለውን ዴስክቶፕ የምትጠቀሙ ጂሴቲንግስ የሚባል ትእዛዝ አለላችሁ፣ አይድል ዲሌይ ነው ስሙ። ሁለቱም በሰከንድ ነው።

[ስክሪን ላይ፦ ታይም አውት ወደ 15 ይቀየራል። ጥግ ላይ ሰዓት ይቆጥራል።]

አሁን እንሞክረው። በሴቲንጉ መስኮት በኩል ከ1 ደቂቃ በታች አያስኬድም፣ በስክሪፕት ግን ይቻላል፣ 15 ሰከንድ እንስጠው። ይሄው አስኬድኩት። እጃችሁን ከማውሱም ከኪቦርዱም አንሱ። 12፣ 13፣ 14... ጠቆረ። ማውሱን ትንሽ ነካ አድርጉት። ፓስወርድ ጠየቀ? በሉ 15ቱን ወደ 600 መልሱና ቀጣዩ ኮምፒውተር ጋ ሂዱ።