አርብ 6 ሰዓት ተኩል (የጣና ጀልባ ማህበራችን ዓመታዊ ጉባኤ መክፈቻ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ። የቀበሌ እንግዶቻችን፣ ሽማግሌዎች፣ አባላት፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ፕሮግራሙ ላይ "ሰላምታ 10 ደቂቃ" ይላል፣ እሱን ዘልዬዋለሁ፣ ደቂቃዎቹን በኋላ እፈልጋቸዋለሁ።

ሪፖርቱም አጭር ነው። ወደቡ ጋ ያለው መጠለያ ቆርቆሮው ተቀይሯል፣ ላይፍጃኬት ተገዝቷል፣ እምቦጭ ነቀላ ሁለቴ ወጥተናል (በሁለተኛው ከፎቶ አንሺው ጋር ዘጠኝ ነበርን)። ቱሪስቱ እንደድሮው አይደለም፣ ጀልባችሁ ታስሮ የሚውልበትን ቀን የምትቆጥሩት እናንተው ስለሆናችሁ እሱን አልነግራችሁም። ዝርዝሩን ጸሐፊያችን ያነባል።

አሁን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ወደነሳኝ ነገር ልግባ።

አምና እዚሁ አዳራሽ ስብሰባው አልቆ ቡና ሲመጣ ጣና ዳር ከሚኖሩት ከነገደ ወይጦ የጋበዝናቸው አንድ አባት ነበሩ፣ ታንኳ ሰሪ ናቸው፣ ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ለሁላችን በሲኒ መጣ፣ ለሳቸው በፕላስቲክ ኩባያ። ማን እንደሰጣቸው አልናገርም። ሲኒ አንሶ ነው ተባለ፣ ረከቦቱ ላይ ግን ሶስት ባዶ ሲኒ ነበር፣ ቆጥሬዋለሁ። ቆጥሬስ ምን አደረኩ? ዝም አልኩ። እኔ ሊቀመንበሩ፣ የዛን ቀን ጠዋት "ሁላችንም እኩል ነን" ብዬ የህገመንግስቱን አንቀጽ 25 ጠቅሼ ያስጨበጨብኩት ሰውዬ፣ አንድ ሲኒ አንስቶ ማቀበል አቃተኝ። እሳቸው ጠጥተው፣ አመስግነው ሄዱ፣ ከዛ ወዲህ አልመጡም።

ጉማሬ ይበላሉ እየተባለ ከቅድመ አያት የወረስነው ነገር ነው ይሄ። የጉማሬ አደኑ ከቀረ ስንት ዘመኑ፣ ኩባያውን ግን እስካሁን አልተውነውም። ሙስሊሞች ሆነው ሳለ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ነው የሸሻቸው፣ በዚህች እንኳን ተስማምተናል።

ታንኳው ላይ ሲሆን ግን ወዳጅ ነን። ቲሸርት ላይ ታንኳ፣ ሆቴል ግድግዳ ላይ ታንኳ፣ የማህበራችን ማህተም ላይ ራሱ ታንኳ! ደንገሉን አጭዶ፣ አድርቆ፣ አስሮ የሚሰራው ሰው ማህበሩ ውስጥ የለም። ጣና በ2007 ዓ.ም ዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ ሲመዘግበው ሁላችንም ደስ ብሎናል፣ ደንገሉ ተመንጥሮ እርሻ ሲሆን እንጀራው የሚቋረጠው የማን እንደሆነ ግን የጠየቀ የለም።

ኮሚቴው ያቀረበው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ታንኳ ሰሪዎቹና ሰፌድ የሚሰፉት እናቶች የመመዝገቢያውን ብር ከፋፍለው ይክፈሉ፣ ኮሚቴው ውስጥ ደግሞ ሁለት ወንበር ይሰጣቸው። ሶስት ጊዜ ስብሰባ ጠራን፣ ሶስቴም ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ግን "እነሱ ራሳቸው መች ይመጣሉ?" የሚል ተጽፎ 14 ላይክ አገኘ።

እውነቱን ለመናገር እኔም አምኜው ነበር። ሰፈራቸው ሄጄ አንዲት እናትን "ምነው አትመጡም?" አልኳቸው። "ልጄ፣ አርብ 6 ሰዓት ተኩል እየጠራችሁን? ወንዶቹ ጁምዓ ናቸው፣ እኛ ለቅዳሜ ገበያ ሰፌዳችንን እንጨርሳለን" አሉኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። አርብ የሆነው እኮ አዳራሹ በዛ ሰዓት በነጻ ስለሚገኝ ነው፣ ክፋት አስበን ሳይሆን ጭራሽ ስላላሰብን። ዛሬ እሁድ የሆነውም ለዚህ ነው፣ ለምን እሁድ ሆነ ብላችሁ ስትደውሉልኝ ለነበራችሁ።

ሌላም አለ። ለነሱ ተቆርቁሬ "ባህላዊው ታንኳ ይጠበቅ" የሚል ሶስት ገጽ ደብዳቤ ጽፌ ቢሮ አስገብቼ ነበር፣ ሳልጠይቃቸው። ለካ እነሱ የሚፈልጉት ልጆቻቸው ሞተር ጀልባ መንዳት እንዲማሩ ነው። እናትየው ደብዳቤውን ሳነብላቸው ሳቁ፣ "አንተ ታንኳ ላይ ትሄዳለህ?" አሉኝ። እኔ የምሄደው በሞተር ነው።

ያልመጣችሁት፣ ይሄ ሪከርድ ይደረጋልና ትሰሙታላችሁ፣ ከወደቡ እዚህ ድረስ የ10 ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ፕሮፋይላችሁ ላይ ታንኳ አድርጋችሁ እጅ ለማውጣት መምጣት እንዲህ የሚከብድ ነገር ሆኖ ነው? ምክትሌ ራሱ "መንገድ ላይ ነኝ" ካለኝ ሁለት ሰዓት አለፈው፣ ከጎንደር እየመጣ ካልሆነ በቀር። የምቆጣው የመጣችሁትን እንደሆነ ደግሞ ይገባኛል፣ ሁልጊዜ የሚሰደበው የመጣው ነው፣ ይቅርታ።

ዛሬ ምልዓተ ጉባኤው ከተቆጠረ በኋላ ድምጽ እንሰጣለን። ሲኒም ራሴ ቆጥሬ ነው የገባሁት፣ ይበቃል። የዘለልኩት 10 ደቂቃ አለ አይደል፣ እሱ የእናታችን ነው፣ ምን እንደሚሉ አላውቅም፣ አልጠየቅኳቸውምም። እናቴ፣ ይምጡ ወደዚህ። ኧረ ከፊት ያላችሁ መንገድ ልቀቁላቸው፣ ማይኩንም ዝቅ አድርጉት።