የመስቀል ወፍ በየካቲት ምን ትመስላለች?

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ የወፍ ፎቶ አንሺዎች ማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ። ከዘጌ በሌሊት ተነሥታችሁ በጣና ላይ በጀልባ የመጣችሁ ደግሞ ልዩ ምስጋና ይገባችኋል።

የሥራ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን ያቀርባሉ። እኔ ረጅም አልናገርም።

ዛሬ ብዙ አዲስ ፊት አያለሁ። አዲስ አባል ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ምን ካሜራ ልግዛ?» ብሎ ነው። ለጊዜው ምንም አትግዙ። በኪሳችሁ ያለው ስልክ ለመጀመር ይበቃል። ዓሣ አስጋሪዎች ዓሣ የሚያጸዱበት ዳር ሂዱ። ፔሊካኖቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ነጭ የውኃ ወፎች፣ ትራፊ ፍለጋ አጠገባችሁ ድረስ ይመጣሉ። እዚያ ሩቁን የሚያቀርብ 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ምን ያደርጋል? ችግሩ ሌላ ነው። ነጭ ወፍ ጥቁር ውኃ ላይ ሲሆን ስልኩ ይታለላል፤ ላባው ሁሉ አንድ ነጭ ጨርቅ ሆኖ ይወጣል። ስክሪኑ ላይ ወፉን ነካ አድርጉና ብርሃኑን ቀንሱ። ደግሞ ቁጢጥ በሉ፤ ስልኩ ከወፉ ዓይን ጋር ይስተካከል። የሚበር ወፍ ማንሳት ሲያምራችሁ ግን ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ፣ በ1/2000 ሰከንድ ከፍቶ የሚዘጋ ካሜራ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ስለ ዋጋ እንነጋገራለን፤ አብረን እናዝናለን።

ዘንድሮ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር አለ። ብዙዎቻችን የመስቀል ወፍ የምንላት ያቺ ባለ ረጅም ጭራ ጥቁርና ነጭ ወፍ ወንዱ ነው። አደይ አበባ ሲፈካ ሁላችንም እናነሳዋለን፤ ከዚያ «ሄደ» እንላለን። የትም አልሄደም! የመራቢያ ወቅቱ ሲያልፍ ጭራው ይረግፋል፤ ላባውም እንደ ድንቢጥ ቡናማ ይሆናል። ቀዩ ምንቃሩ ብቻ ይቀራል። እስቲ በየካቲት ያነሳው አለ? እኔ በማኅበራችን ስብስብ ውስጥ አላየሁም።

ስለዚህ እያንዳንዳችን ከቤታችን የማይርቅ አንድ ቦታ እንያዝ። ደንገል ያለበት ዳር ቢሆን፣ የቤተ ክርስቲያን ደን ቢሆን ግድ የለም። ዓመቱን ሙሉ ወደዚያው እንመላለስ፤ ፎቶው ሥር ቀኑንና ቦታውን እንጻፍ። ፎገራ ሜዳ ላይ ከሰሜን አውሮፓ የሚመጡትን ክሬን የሚባሉ ባለ ረጅም እግር ወፎች ማንሳት ደስ ይላል፤ እሱን እንቀጥላለን። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። እምቦጩ የሸፈነው ዳር ላይ ዛሬ ምን ወፍ እንደሚውል ለማወቅ ግን ቀን የተጻፈበት ፎቶ ይሻላል። ቀን የሌለው ፎቶ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ለግድግዳ ነው የሚሆነው።

ጎጆ ላይ ያለች ወፍ አትጠጓት፤ ከተነሣች እንቁላሉ ለአሞራ ይጋለጣል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ታንኳ የምትይዙ ወጣቶች፣ ጉማሬው ፎቶ መነሣቱን አያውቅም፤ ራቁ።

በዚሁ ጉባኤው መከፈቱን አበሥራለሁ። ጸሐፊያችን፣ መድረኩ የእርስዎ ነው።